ስለ ቤት እርጥበትና ስለ ደረት ሕመም

በአገራችን ሰው ነፋስን እንደ ጠላት ይፈራል፤ እርጥበትን ግን እንደ እንግዳ ተቀብሎ አብሮት ያድራል። ይህን የምንጽፈው ሌላውን ለመንቀፍ አይደለም፤ እኛው ራሳችን በለገዳዲ በሠራነው ቤት ሁለት ክረምት ሙሉ እንዲህ ሆነን ስለ ኖርን ነው።

ለገዳዲ ከአዲስ አበባ በስተ ምሥራቅ የምትገኝ፥ በ2015 ዓ.ም. ሸገር ከተማ ሲመሠረት እንደ ሰበታ፥ እንደ ቡራዩና እንደ ሱሉልታ በውስጡ የተጠቃለለች ስፍራ ናት። ስሟ በኦሮምኛ የጠጅ ወንዝ ማለት ነው፤ የምትታወቀው ግን በውሃዋ ነው። እንደ ኤውሮፓውያን አቆጣጠር በ1970 የተሠራው ግድብ እስከ ዛሬ ለአዲስ አበባ ሕዝብ የሚጠጣውን ውሃ ይሰጣል። አፈሯም ጥቁር መረሬ ነው፤ በበጋ እጅ እስኪያስገባ ይሰነጠቃል፥ በክረምት ያብጣል፥ የያዘውንም ውሃ በቶሎ አይለቅም። ቤት ለሚሠራ ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነበረ። እኛ ግን ቦታውን ስንገዛ የመረመርነው የካርታውን ማኅተም እንጂ አፈሩን አልነበረም፤ የፍርድ ቤት ጸሐፊ ዓይን ከወረቀት አይወጣምና።

ቤቱን በብሎኬት ሠርተን በቆርቆሮ ከደንነው። ገንዘቡ ስላለቀብን አሸንዳውን ለከርሞ አልነው፤ አሸንዳ ሳይገባለት ሁለት ክረምት አለፈ። ከዚህም በላይ በመኝታ ቤቱ ግድግዳ ሥር አፈር አስደግፈን ጽጌረዳ ተከልን፤ እንግዳም ሲመጣ በኩራት እናሳይ ነበር።

በመጀመሪያው ሐምሌ ከቁም ሳጥኑ ጀርባ ጥቁር ነጠብጣብ ታየ። ሽታው የአሮጌ መዝገብ ቤት ሽታ ስለ ነበረ አልከፋንም፤ እንዲያውም ለመድነው። የቤታችን እመቤት ግን ሌሊት ሌሊት ትስል ጀመር፥ ደረቷም ያፏጭ ነበር። እኛም «በሌሊት ያለ ጋቢ እየወጣሽ ነፋስ መታሽ» ብለን ገሠጽናት። እርስዋ ዝም አለች። መስኮቱን ዘጋን፥ ስንጥቁን በጨርቅ ወተፍን፥ ዝናብ ስለ ሆነ የታጠበውን ልብስ በቤት ውስጥ ሰጣን፥ ማታ ማታም የከሰል ምድጃ አስገባን። እንፋሎቱ ደረትን ያላቅቃል ብለን የባሕር ዛፍ ቅጠል በመኝታ ቤት ስናፈላ ግድግዳው ሌሊቱን ሁሉ ያላበው ነበር። ጥቁሩንም በበረኪና ብንጠርገው በሁለት ሳምንት ተመለሰ፤ ከበረኪናው ሽታ የተነሣ ግን ሳሉ ባሰባት።

በነሐሴ ወደ እኅቷ ወደ አዳማ ሄዳ ዐሥራ አምስት ቀን ሰነበተች፤ በዚያም ሳትስል ታድር እንደ ነበር ነገረችን። እኛ ይህን ለአገሩ ሙቀት ሰጥተን አለፍነው። በችሎት ተቀምጠን የሰው ምስክርነት ስንጽፍ የምንውል ሰዎች የገዛ ቤታችንን ምስክር ሳንሰማ በሚስታችን ላይ ፈረድን።

በሁለተኛው ክረምት ነገሩ ወደ እኛ መጣ። አንድ ቀን በችሎት ፊት መዝገብ ስናነብ ሦስት ጊዜ ሳል አቋረጠን፤ በአራተኛው ዳኛው መዝገቡን ለሌላ ጸሐፊ ሰጡት። በዚያን ጊዜ እኛና የቤታችን እመቤት አብረን ወደ ሐኪም ሄድን። ሐኪሙ አስቀድመው የሁለታችንንም አክታ አስመረመሩ፤ ሁለት ሳምንት የቈየ ሳል ሁሉ ለሳንባ ነቀርሳ መመርመር ይገባዋልና፤ ይህን ማንም ሰው ቸል እንዳይል እንለምናለን። ነቀርሳም አልተገኘብንም። ከዚያ በኋላ «በቤትዎ ሻጋታ አለ?» ብለው ጠየቁን። አፍረን «ጥቂት» አልን። «ከቤት ርቃችሁ ስትሰነብቱ ይሻላችኋል?» ሲሉን የቤታችን እመቤት ወደ እኛ ተመለከተች፤ የአዳማው ነገር ያን ጊዜ ትዝ አለን። ሐኪሙም እርስዋ አስም እንዳለባት፥ እርጥበቱም እንዳባባሰው አስረዱን።

እርጥበት ወደ ቤት የሚገባው በአንድ መንገድ ብቻ አይደለም። ከላይ ዝናብ ይገባል፤ ከታችም የኩራዝ ክር ጋዝ እንደሚስብ ብሎኬትና ልስን ከምድር ውሃ ይስባሉ፤ ከውስጥ ደግሞ የሰው እስትንፋስ፥ የድስት እንፋሎትና የእርጥብ ልብስ ውሃ ከአየሩ ጋራ ይደባለቃል። ይህ አየር መስኮት ተዘግቶበት ቀዝቃዛ ግድግዳ ሲነካ ተመልሶ ውሃ ይሆናል። በዚያም ሻጋታ ይበቅላል፤ ሻጋታውም ዓይን የማያየው ረቂቅ ዘር ይበትናል፥ የተኛውም ሰው ያንን ሲስብ ያድራል። በኤውሮፓ የሚገኘው የዓለም ጤና ድርጅት ጽሕፈት ቤት እንደ ኤውሮፓውያን አቆጣጠር በ2009 ባወጣው መመሪያ፥ እርጥበትና ሻጋታ ባለበት ቤት የሚኖሩ ሰዎች ለሳል፥ ለደረት ማፏጨትና ለመተንፈሻ አካላት ልክፍት ይበልጥ የተጋለጡ መሆናቸውን፥ አስምም ያለበት ሰው ሕመሙ እንደሚብስበት ገልጿል።

ግንበኛ አስመጣን። በመሮ ልስኑን ጫር ጫር አድርጎ «ጋሼ፥ ይኸ ግድግዳ ከታች ነው የሚጠጣው። አፈሩን ማን አስደገፈው?» አለን። እኛ ነን አልነው። በቆሎ ተማሪነታችን ሳለን ሰኔ ሲገባ ከሁሉ አስቀድመን የምንሠራው በየጎጇችን ዙሪያ ቦይ መቈፈር ነበር፤ በሚሲዮን ትምህርት ቤትም በየማለዳው መስኮት እየከፈትን አልጋ እናናፍስ ነበር። ሁለቱንም ተምረን ሁለቱንም ረስተን ኖርን።

አፈሩ ተነሣ፤ ውሃውን ከቤቱ የሚያርቅ ቦይ ተቈፈረ፤ አሸንዳውም ተሰቀለ። የሻገተው ልስን ተፍቆ ግድግዳው ጥቅምትንና ኅዳርን ፀሐይና ነፋስ ሲጠጣ ከርሞ በኋላ ተለሰነ፤ በእርጥብ ላይ ቀለም መቀባት ነውርን በካባ መሸፈን ነውና። ቁም ሳጥኑን ከግድግዳው አንድ ስንዝር አራቅነው። ልብስ በበረንዳ ይሰጣል፤ ወጥ ሲሠራ መስኮት ይከፈታል። ከሰል ግን በተዘጋ ቤት ፈጽሞ አይገባም፤ ሽታ የሌለው መርዙ የተኛን ሰው ሳያስነቃ ይገድላልና።

ይህ ሁሉ ለባለ ቤት የሚቻል ነው። የተከራየውን ሰው ግን ቦይ ቈፍር ቢሉት ምድሩ የእርሱ አይደለም፤ አከራዩን ቢጠይቅ ካልተስማማህ ውጣ ይባላል። የግንባታ ፈቃድ የሚሰጡ ሹማምንት ስለ ወሰን እንደሚጠይቁ ስለ ውሃ መውረጃም አጥብቀው ቢጠይቁ ብዙ ደረት በዳነ ነበር።

ዘንድሮ ክረምቱ ሲገባ ሽታው አልተመለሰም። የቤታችን እመቤት የሚሳበውን መድኃኒት ከእጅዋ ባትለይም ሌሊቱን ተኝታ ታድራለች፤ መስኮቱ ሲከፈት ግን ዛሬም ጋቢዋን ወደ አንገቷ ትስባለች፥ እኛም አንናገራትም። በሐሰት ስለ ገሠጽናት ይቅርታ በጠየቅናት ቀን «ጽጌረዳውስ ወዴት ይሁን?» ብላ ጠየቀችን። በአጥሩ ሥር ተከልነው፤ አንዱ ደረቀ፥ ሁለቱ አብበዋል።