ነፍስ ያላቸው

“የኮምፒዩተር ሙዚቃ ነፍስ የለውም” የሚሉ ወዳጆች አሉኝ። ለመሆኑ ከበሮስ እንጨትና ቆዳ አይደል እንዴ? ነፍስ የሚዘራበት መቺው ነው።

ኃይሉ መርጊያ እ.ኤ.አ. በ1985 ዋሽንግተን ላይ አኮርዲዮኑን ከሲንተሳይዘርና ከከበሮ ማሽን ጋር አዋህዶ ካሴት ሲያወጣ የቆየውን ዜማ አልገደለውም። ሮፍናንም በ2010 ዓ.ም. ባወጣው “ነፀብራቅ” አልበሙ የኤሌክትሮኒክ ዳንስ ምትን ከአገር ቤት ስልት ጋር አጋብቷል። ከመገናኛ ካራ በሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ ወያላው ሒሳብ እየሰበሰበ አብሮት ሲዘፍን ሰምቻለሁ። ዘፈን የሚመረቀው እዚያ ነው።

የእኔ ስጋት ሌላ ነው። አንድ ልጅ ቤቱ ቁጭ ብሎ የሙሉ ባንድ ሥራ ሲሠራ፣ ሳክስፎኒስቱና ድራመሩ ምን በልተው ይደሩ? ስለ ማሽን ነፍስ ስንከራከር ነፍስ ያላቸውን እንዳንረሳ!