ቀኑ ማጠር ሲጀምር

ንባብ፦ ዮሐንስ 3፥22-30



በ2016 ዓ.ም. ግንቦት መጨረሻ ላይ ልጃችን ጋብዛን ሁለታችን፣ ባልና ሚስት፣ ወደ ስዊድን ሄድን። ከከሚሴ ስንነሳ ሙቀቱ እንደ ልማዱ ነበር፤ ገበሬውም ዓይኑን ወደ ሰማይ አንስቶ ክረምቱን ይጠብቃል። በእኛ አገር ፀሐይ ክረምት ከበጋ 12 ሰዓት ገደማ ወጥታ 12 ሰዓት ገደማ ትገባለች። በስቶክሆልም አካባቢ ግን በሰኔ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ተኩል ወጥታ የምትገባው ከምሽቱ 4 ሰዓት ነው። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ነግቷል ብለን ለጸሎት እየተነሣን ልጃችንን ከእንቅልፏ አስቸግረናታል።

ወቅቱ የደስታ ወቅት ነው። ሁለተኛ ደረጃ የጨረሱ ወጣቶች ነጭ ቆብ አድርገው፣ በቅርንጫፍ ባጌጠ የጭነት መኪና ላይ ሆነው በየመንገዱ ይጨፍራሉ። ከሁሉ የሚበልጠው ግን ሚድሶማር የሚሉት በዓል ነው። በዚያ ዓመት ዋዜማው ዓርብ ሰኔ 14 ዋለ። በመንደሩ ሜዳ ላይ ረጅም ምሰሶ በቅጠልና በአበባ ሸፍነው፣ ብዙ ሰው ተጋግዞ አቆመው። ሴቶቹና ልጆቹ የአበባ አክሊል ደፍተዋል። ከዚያ ሽማግሌ ሳይል ሕፃን ሁሉም እጅ ለእጅ ተያይዞ ምሰሶውን ይዞራል፤ አንዱ ጨዋታ እንደ እንቁራሪት መዝለል ነው። እኛም ተጎትተን ገባን። ምእመናኖቻችን ቢያዩን ምን ይሉ ይሆን እያልን ዘለልን! ማዕዱም በእንስላል የተቀቀለ አዲስ ድንች፣ በኮምጣጤና በስኳር የተዘፈዘፈ ዓሣ፣ በመጨረሻም እንጆሪ ነበር።

እውነቱን ለመናገር፣ ምሰሶውን ስናይ መጀመሪያ ላይ ልባችን ጠርጥሮ ነበር። ልጃችን ግን በዓሉ ከመጥምቁ ዮሐንስ ልደት ጋር የተያያዘ መሆኑን ነገረችን። ሉቃስ ምዕራፍ 1 ዮሐንስ ከጌታ ስድስት ወር እንደሚቀድም ስለሚያሳይ፣ የምዕራብ አብያተ ክርስቲያናት ልደቱን በእነርሱ አቆጣጠር ጁን 24 ያስቡታል። ይህን ስንሰማ አገራችን ትዝ አለችን። የእኛም እንቁጣጣሽ ቅዱስ ዮሐንስ ይባል የለ? በዋዜማው ችቦ፣ በማለዳው አበባ የያዙ ልጃገረዶች! አበባው በሰኔ ይሁን በመስከረም፣ ሁለቱም ሕዝቦች የዮሐንስን ስም ከአበባ ጋር ያነሣሉ።

በዚያው ማዕድ ላይ ሳለን ከከሚሴ በቴሌግራም ፎቶ ደረሰን። አዳራሹ ሞልቶ ወንበር ውጭ ወጥቷል። እኛ በሌለንበት የሚያገለግለው ወጣት ወንጌላዊ በአፋን ኦሮሞ ይሰብካል፤ አፍ የፈታበት ቋንቋ ነው። እኛ ሃያ ዓመት ሙሉ በአማርኛ ሰብከን፣ ለብዙዎቹ በአስተርጓሚ ነበር የምንደርሰው። በአፋችን “ጌታ ይመስገን” አልን። ልባችን ግን ተጨማደደ። እርስ በርሳችን ተያየን፤ ሁለታችንም አንድ ነገር እንዳሰብን ገባን። ሃያ ዓመት ስንጸልይለት የኖርነው ነገር መጥቶ፣ በእኛ እጅ ስላልመጣ ብቻ አዘንን።

ያን ጊዜ አጠገባችን የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ ሰማዩን አይተው አንድ ነገር ተናገሩ፤ ልጃችንም ተረጎመችልን፦ “እንግዲህ ከአሁን ወዲያ ቀኑ ማጠር ይጀምራል።” ለእርሳቸው ተራ ወግ ነበር። ለእኛ ግን ስብከት ሆነብን። በነገረ መለኮት ኮሌጅ ሳለን አውግስጢኖስ ይህንኑ ማስተዋሉን ተምረን ነበር፦ ዮሐንስ የተወለደው ቀን ማጠር ሲጀምር፣ ክርስቶስ ደግሞ ቀን መርዘም ሲጀምር ነው።

የዮሐንስ ደቀ መዛሙርትም እንደ እኛ ተከፍተው ነበር፤ ሕዝቡ ወደ ሌላው እየሄደ ነውና። ዮሐንስ ግን የተቀበለው ሁሉ ከላይ የተሰጠው መሆኑን ያውቃል። ራሱን የሙሽራው ሚዜ አደረገ። ሚዜ ሙሽራው ሲደሰት ይደሰታል እንጂ ሙሽራይቱን አይቀማም። ወጣቱ ወንጌላዊ ክርስቶስ አይደለም፤ እርሱም ሚዜ ነው። በሰርግ ቤት ግን ሚዜ ከሚዜ ምን ያጣላዋል?

ደግሞስ በዚያች አገር ተቀምጠን እንዴት እንረሳዋለን? የስዊድን ሚሲዮናውያን እ.ኤ.አ. በ1866 ምጽዋ የደረሱት ወደ ኦሮሞ ሕዝብ ለመዝለቅ ነበር፤ መንገዱ ግን ተዘጋባቸው። መጽሐፍ ቅዱስን በአፋን ኦሮሞ የሰጠን ከባርነት ነፃ የወጣው ኦነሲሞስ ነሲብ ነው፤ አስቴር ጋኖም ረድታዋለች። በስዊድን ተምሮ የተመለሰው ኦነሲሞስ ትርጉሙን እ.ኤ.አ. በ1899 አሳተመ። መምህራኑ ሊደርሱበት ያልቻሉትን ደቀ መዝሙሩ ደረሰበት። ዛሬ በከሚሴ አንድ ወጣት በእናቱ ቋንቋ ሲሰብክ፣ ያ ዘር ነው የሚያፈራው።

ስንመለስ ከአውቶቡስ እንደወረድን ወደ እርሱ ቤት ሄድን። የእሑዱን መድረክ እርሱ እንዲቀጥል፣ እኛም ከጎኑ ሆነን እንድናግዝ ጠየቅነው። ልጁ አለቀሰ፤ እኛም አለቀስን። አሁን ሁለተኛው አግዳሚ ላይ ተቀምጠን እንሰማዋለን። አንዳንድ እሑድ ዛሬም ልባችን ቆንጠጥ ያደርገዋል፤ ያን ጊዜ የሽማግሌውን ቃል እናስታውሳለን።

ወገኖቼ፣ በቤታችሁ፣ በሥራችሁ፣ በአገልግሎታችሁ እያደገ ያለው ማን ነው? የእርሱ ማደግ ያሳዝናችኋል ወይስ ያስደስታችኋል?

ጌታ ሆይ፣ ቀናችን ሲያጥር የአንተ ብርሃን ሲረዝም የምናይበትን ዓይን ስጠን። አሜን።