ምላጭ የማይደርስበት ዕጢ

«ቀዶ ጥገና አይሆንለትም» የሚለው የሐኪም ቃል ከተሰማበት ዕለት አንሥቶ የአንድ የጦር ጓዴ ቤት ለቅሶ ቤት መሰለ። እርሱ በእግሩ ቆሞ፣ ቡናውን እየጠጣ ሳለ ጎረቤት ነጠላውን ዘቅዝቆ ይገባ ጀመር። ሐኪሙ ያልፈረደውን የሞት ፍርድ ሰፈርተኛው ፈረደው። ይህን ነገር በቤተሰብ ዓምዳችን ለማንሣት የተገደድሁትም ስለዚሁ ነው።

በዝግታ የሚያድግ የአንጎል ዕጢ ብዙውን ጊዜ ራሱን የሚገልጠው ድንገት ጥሎ በሚያንቀጠቅጥ ሕመም ነው፤ ጓዴንም የጣለው ይኸው ነበር። ዕጢው ንግግርን ወይም የእጅና የእግርን እንቅስቃሴ በሚያዝዘው የአንጎል ክፍል ውስጥ ሥር ከሰደደ፣ ቆርጦ ማውጣቱ ሰውየውን አንደበት ወይም ክንድ ሊያሳጣው ስለሚችል ሐኪሙ ምላጩን ያስቀምጣል። በሽተኛውን ግን አልተወውም። ከምሽጉ ሊወጣ ያልቻለን ጠላት ከቦ ማቆየትም ውጊያ መሆኑን ወታደር አይስተውም።

ጥቂት ናሙና ተወስዶ የዕጢው ዓይነት ይለያል። «ቴሞዞሎማይድ» የተባለው መድኃኒት አብዛኛውን ጊዜ በየ28 ቀኑ ለ5 ቀናት የሚዋጥ ሲሆን፣ የዕጢውን ሕዋሳት መባዛት ይገታል። «አይ.ዲ.ኤች.» የተባለው ዘረ መል ለተለወጠባቸው ዕጢዎች ደግሞ አሜሪካ በ2024 እ.ኤ.አ. «ቮራሲደኒብ» የተባለውን፣ በየቀኑ የሚዋጥ እንክብል ፈቅዳለች። 331 ሕሙማን በተካፈሉበት ጥናት፣ ዕጢው ሳይባባስ የቆየበት መካከለኛ ጊዜ መድኃኒቱን በወሰዱት ዘንድ 27.7 ወር፣ ማስመሰያ እንክብል በወሰዱት ዘንድ 11.1 ወር ሆኖ ተገኝቷል። ፈውስ ነው ብዬ አልዋሽም፤ ዋጋውም እጅግ ውድ ነው። ሆኖም ከ16 ወር በላይ ለልጆች አባት ምን ማለት እንደሆነ፣ የዓመት ፈቃዱን ቀን እየቆጠረ የጠበቀ ሁሉ ያውቀዋል።

እናንት አስታማሚ እኅቶች፣ የቴሞዞሎማይድን እንክብል ከፍታችሁ ከምግብ ጋር አትበጥብጡት፤ ዱቄቱ ቆዳን ሊነካ፣ በትንፋሽም ሊገባ አይገባም፤ ነፍሰ ጡር ከሆናችሁማ ይልቁን ተጠንቀቁ። መንቀጥቀጡ ቢጠፋም ለእርሱ የታዘዘው መድኃኒት ያለ ሐኪም ፈቃድ አይቋረጥም። ጠበል የሚወርድም መድኃኒቱን ይዞ ይውረድ። ቴሞዞሎማይድ ነጭ የደም ሕዋሳትን ስለሚያሳንስ ትኩሳት ከተሰማው እስኪነጋ አትጠብቁ፤ በዚያው ሰዓት ወደ ሆስፒታል ውሰዱት።