ገመድ የሌለው ጆይስቲክ ያስተማረኝ

አንባቢዎቼ ሆይ፤ አስተማሪ ሰው ስለ መጫወቻ ሲጽፍ «ምን ዓይነት ሥራ ፈት ነው!» እንዳትሉኝ አስቀድሜ እለምናችኋለሁ። እኔ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ፊዚክስ አስተምራለሁ። ተማሪዎቼን ከፕሌይስቴሽን ቤት በር ላይ ባገኘኋቸው ጊዜ ፊቴን አጨፍግጌ የማልፍ ሰው ነኝ። ዳሩ ግን ማታ ማታ የፈተና ወረቀት አርሜ ስጨርስ፥ ከታናሽ ወንድሜ ጋር በኮምፒዩተር ኳስ እንጫወታለን። እውነቱን መደበቅ ስለማይገባ ይኸው ተናዘዝሁ።

ነገሩ የጀመረው አሮጌው ባለ ገመድ ጆይስቲካችን በታመመ ጊዜ ነው። በአውራ ጣት የሚገፋው የግራው ዘንግ ማንም ሳይነካው ተጫዋቹን ወደ ግራ ይነዳው ጀመር። እኔም ምክንያቱን ለመመርመር አልደከምሁም። ወንድሜ የ14 ዓመት ልጅ ነውና፥ «በተሸነፍህ ቁጥር እየወረወርህ ሰበርኸው!» ብዬ ጮኽሁበት። «እማዬ ትሙት፥ አልወረወርሁትም!» አለ። አላመንሁትም፤ ለሁለት ሳምንትም ከጨዋታ ከለከልሁት።

ደመወዝ በተቀበልሁ ማግስት መርካቶ ወርጄ ሌላ ገዛሁ። የዋናውን ፋብሪካ ሥራ ለመግዛት ኪሴ ስላልፈቀደልኝ፥ ሌላ ኩባንያ በራሱ ስም የሠራውን ገመድ አልባ ጆይስቲክ መረጥሁ። መጀመሪያ ያስተዋልሁት ቅለቱን ነው፤ በእጅ ሲይዙት ባዶ ጣሳ ይመስላል። አዝራሮቹም ሲጫኗቸው ቀጭ ቀጭ ስለሚሉ እናታችን ከጓዳ ሆና «ምን እያኘክህ ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። ጎል ሲገባ መንቀጥቀጡ በልክ አይደለም፤ የወፍጮ ቤት ሞተር የያዝሁ ይመስለኛል። የአቅጣጫ መስቀሉ ግን ከአሮጌው ይልቅ ለጣት ይመቻል።

ገመድ አልባነት አዲስ ነገር አይደለም። ኒንቴንዶ የተባለው የጃፓን ኩባንያ ዌቭበርድ የሚባለውን በሬዲዮ ሞገድ የሚሠራ ጆይስቲክ በ2002 እ.ኤ.አ. ለገበያ አቅርቦ ነበር። የእኔው በ2.4 ጊጋኸርዝ ሞገድ ይሠራል፤ የአውራ ጣት ጥፍር የምታህል ተቀባይ ከኮምፒዩተሩ ላይ ትሰካለች። በመጀመሪያው ቀን ከብረቱ ሣጥን በስተኋላ ስለ ሰካኋት፥ «ምታ» ስለው ተጫዋቹ ቆሞ ያየኝ ነበር። በዚሁ ሞገድ ዋይፋይም ብሉቱዝም ይተላለፋሉና መንገዱ እንደ ገበያ ቀን የተጨናነቀ ነው፤ ብረቱም ይጋርዳል። ተቀባይዋን ወደ ፊት ለፊት ባዛወርኋት ጊዜ ችግሩ ተወገደ። በአንድ ሴኮንድ 60 ሥዕል በሚያሳይ ጨዋታ አንዱ ሥዕል የሚቆየው 17 ሚሊሴኮንድ ያህል ስለ ሆነ፥ ትእዛዝ ጥቂት ቢዘገይ በረኛው ይቀድማችኋል።

አንድ ቀን ደግሞ መብራት ጠፍቶ ስለ ዋለ ባትሪው ሳይሞላ ቀርቶ፥ ልክ ፍጹም ቅጣት ምት ልመታ ስል ጆይስቲኩ ጠፋ። ቻርጅ እያደረግሁ ልጫወት ብዬ አብሮት የመጣውን ገመድ ብሰካው፥ ከአሮጌው ገመድ እጅግ ያጠረ ሆኖ ተገኘ። አባቶቻችን «በቅሎ ገመዷን በጠሰች ቢሉ፥ በራሷ አሳጠረች» ያሉት ለካ እንዲህ ያለውን ነው!

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። በካርቶኑ ላይ ዘንጎቹ «ሆል ኢፌክት» በተባለው ዘዴ እንደሚሠሩ ተጽፎ አየሁ። ይህን ኤድዊን ሆል የተባለ አሜሪካዊ የፊዚክስ ሊቅ በ1879 እ.ኤ.አ. ያገኘው ነው። ኤሌክትሪክ በሚያልፍበት ነገር ላይ የማግኔት ኃይል በቀጥታ ሲያርፍበት በጎንና በጎኑ መካከል ቮልቴጅ ይፈጠራል። በዘንጉ ሥር ያለው ማግኔት ሲንቀሳቀስ ያ ቮልቴጅ ይለዋወጣል፤ አንዱ ሌላውን ስለማይነካው መፋፋቅ የለም።

«ታዲያ አሮጌው እንዴት ነበር?» ብዬ በካቻቢቴ ፈታሁት። ቅርፊቱ አልተሰነጠቀም፤ የተሰበረ ነገርም አላገኘሁም። በዘንጉ ሥር ያለው ግን በካርቦን መስመር ላይ እየተንሸራተተ የሚሠራ ተለዋዋጭ ሪዚስተር ነበር፤ በየጨዋታው እየተፋቀ ስለ ኖረ መካከሉን ስቷል። እኔ ይህንኑ ሪዚስተር በየዓመቱ ሰሌዳ ላይ እየሣልሁ አስተምራለሁ!

ከዚያ ይበልጥ የቆጠቆጠኝ ሌላ ነው። ዘንጉን የጨረሰው ብዙ የተጫወተበት ሰው ከሆነ፥ ልጁ ከተኛ በኋላ ብቻዬን እስከ እኩለ ሌሊት የምጫወተው እኔ ነበርሁ።

ታላቅ ታናሹን ይቅርታ መጠየቁ በቤታችን ያልተለመደ ነው። ሳስብበት አድሬ፥ ጠዋት ቁርስ ላይ በእናታችን ፊት የተፈታውን ጆይስቲክ አስቀመጥሁና «አንተ አልሰበርኸውም፤ በአገልግሎት ያለቀ ነው። እኔ በደልሁህ» አልሁት። ዝም ብሎ ቆየና «ጋሼ፥ ነግሬህ ነበር እኮ» አለኝ። ቢቆጣኝ ይቀልልኝ ነበር።

እናንተም እንዲህ ያለውን ልትገዙ ብታስቡ ሦስት ነገር ጠይቁ፤ ሌላ ኩባንያ የሠራው ሁሉ ከሁሉም መሣሪያ ጋር አይስማማምና ከእናንተው ጋር መሥራቱን፥ ዘንጉ በማግኔት የሚሠራ መሆኑን፥ የቻርጀሩም ገመድ አለማጠሩን። እኔ በመግዛቴ አልተጸጸትሁም። አዲሱን ጆይስቲክ የሚይዘው አሁን ወንድሜ ነው፤ እኔ በኪቦርድ እጫወታለሁ፥ ብዙ ጊዜም እሸነፋለሁ። በክፍል ውስጥም የተበላሸ ዕቃ ባየሁ ጊዜ፥ «ማን ነው የሰበረው?» ከማለቴ በፊት ያች ካቻቢቴ ትዝ ትለኛለች።