በዴም ያየነው የልጆች ጥቁር ሰሌዳ

ነጭ ዓባይና ጥቁር ዓባይ የሚገናኙባትን የካርቱምን ከተማ ሊጐበኝ የመጣ እንግዳ አብዛኛውን ጊዜ የሚወሰደው ወደ ወንዙ ዳር፥ ወደ ቤተ መንግሥቱና ወደ ቤተ መዘክሩ ነበር። እንግዳው የአገራችን ሰው የሆነ እንደ ሆነ ግን ብዙ ሳይቈይ ወደ ደቡብ ይወርድና ዴም ወደሚባለው ሰፈር ይሄዳል። እኛም እንደዚሁ አደረግን።

ዴም ማለት በሱዳን ዐረብኛ ሰፈር ማለት ነው፤ ጥንት የጭፍራ ማረፊያ ለሆነ ቦታ ይነገር ነበር። ካርቱም በ1885 በማህዲ ጦር እጅ ወድቃ ፈራርሳ ኖራ፥ ከ1898 ወዲህ እንግሊዞች እንደ ገና ሲሠሩአት ለሥራው የተሰበሰበው ሕዝብ ከከተማው ውጭ በየወገኑ ሰፈረ። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።) በ1940ዎቹ መጨረሻና በ1950ዎቹ መጀመሪያ የአሮጌዎቹ ዴሞች ነዋሪዎች መንገድ በወጣለት በአዲሱ ሰፈር እንዲኖሩ ተደረገ። ከዚያም በኋላ በነበሩት ዐሥርታት ኢትዮጵያውያንና ኤርትራውያን በብዛት ገቡበት፤ የእንጀራ ምጣድና የቡና ሙቀጫም ተከትሎአቸው ገባ። ጀበና የሚለውን ቃል ግን ይዘው መግባት አላስፈለጋቸውም፤ ሱዳኖችም ጀበና ይሉታልና።

በዴም የሚያድግ ልጅ ፊደል የሚማርበት ሰሌዳ አንድ ዐይነት ብቻ አልነበረም። የሱዳን ልጅ በኸልዋ፥ ማለት በቁርኣን ትምህርት ቤት፥ ለውሕ በሚባለው የእንጨት ሰሌዳ ላይ ይጽፋል። ለውሑ አንድ ወጥ ጣውላ ሆኖ ከላይ እጀታ አለው፤ ቀለሙ ከጥላሸትና ከሙጫ ይበጠበጣል፤ ልጁ ምዕራፉን በቃሉ ከያዘ በኋላ ጽሑፉ በውኃ ይታጠባል። ሚሓያ የሚሉትን ይህንን እጣቢ ለበረከትና ለፈውስ የሚጠጡት አሉ። የሐበሻ ልጅ ደግሞ ከአገር ቤት በመጣ የፊደል ገበታ ላይ በስንደዶ እየጠቈመ ሀ ሁ ይላል። ገበታ የሚለው ቃል በአማርኛ ምግብ የሚቀርብበትንም ፊደል የሚቈጠርበትንም ሰሌዳ ስለሚያመለክት፥ ቋንቋችንን አዲስ ለሚማሩ አንባብያን ልብ ሊሉት የሚገባ ነው።

ሦስተኛው ዐይነት በጠመኔ የሚጻፍበት የልጆች መጫወቻ ሰሌዳ ነው። እኛ ያየነው በአንዲት ቡና በሚያፈሉ እናት ቤት ከግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ነበር። የቡናና የሻይ ዋጋ በዐረብኛ ቍጥር ተጽፎበታል፤ ከላይ በኩል ግን በቀለም የታተሙ የላቲን ፊደላትና ሥዕሎች፥ ከታች በሽቦ ላይ የተሰኩ የእንጨት መቍጠሪያ ዶቃዎች ስላሉበት ለሱቅ እንዳልተሠራ ወዲያው አስታወቀን። ለታላቂቱ ልጃቸው ከኦምዱርማን ገበያ የገዙት መሆኑን ነገሩን። ልጅቱ አድጋ ከተዳረች በኋላ ሰሌዳው ወደ ቡናው ሥራ ተዛወረ።

«አሁንማ ገርጥቷል፤ ጥቁር ቀለም ገዝቼ ላስቀባው ነው» አሉን።

«እባክዎ እትዬ፥ ጥቂት ይታገሡና አውርደን እንየው» ብለን ለመንናቸው።

እንዲህ ያለ ዕቃ የሚሰበስቡ የሌላ አገር ሰዎች አስቀድመው የሚፈልጉት የሠሪውን ስም ነው። በአሜሪካ በአሥራ ዘጠነኛው ምዕተ ዓመት መጨረሻ ሻቶኳ በሚል ስም ይሸጥ የነበረው የልጆች መጻፊያ ሰሌዳ ለምሳሌ የሠሪው ስም ታትሞበታል፤ ከላዩም በመዘውር የሚጠቀለል ባለ ሥዕል የትምህርት ወረቀት ስላለው በቀላሉ ይለያል። የዴሙ ሰሌዳ ግን ስም የለውም። ስም የሌለውን ዕቃ ዘመኑን የሚናገረው አሠራሩ ነው። ጀርባውን ስናገላብጠው አንድ ፊቱ ልሙጥ ሆኖ ሌላው ፊቱ የወንፊት ዐሻራ ያለበት፥ አናጢዎቻችን ፋይዚት የሚሉት ከተፈጨ እንጨት የተጠፈጠፈ ጣውላ ሆኖ ተገኘ። ይህን የመሰለውን ጣውላ ዊሊያም ሜሰን የተባለ አሜሪካዊ የፈለሰፈው በ1924 ስለ ሆነ፥ ሰሌዳው ከዚያ በፊት ሊሠራ አይችልም። ብሎኖቹ ደግሞ ራሳቸው እንደ መስቀል የተሰነጠቀ ነው። ባለ መስቀል ብሎን በገበያ የተለመደው ከ1930ዎቹ አጋማሽ ወዲህ ነው፤ በዚህም ዘመኑ ወደ እኛ ቀረበ። ብሎን ሊለወጥ ይችላል የሚል አንባቢ ቢኖር እውነቱን ነው፤ ነገር ግን በዙሪያው ያለው የእንጨት ቀዳዳ ካልሰፋና የዝገቱ ዕድፍ ከእንጨቱ ጋር ከተዋሐደ ብሎኑ የመጀመሪያው ለመሆኑ ጥሩ ምልክት ነው።

ዋናው ነገር የተገኘው ግን ከፊቱ ነው። ሰሌዳውን ወደ መስኮቱ አስጠግተን ብርሃኑ ከጐን እንዲያርፍበት ስናዘነብለው፥ ከቡናው ዋጋ ሥር በምስማር የተጫሩ ፊደላት ታዩ፤ ሀ፥ ሁ፥ ሂ። ከሂ በኋላ ያለው ሃ እግሩ ወደ ግራ ዞሮ ተጽፎአል። እናቲቱ ይህን ሲያዩ ሳቁ፤ ያን ጊዜ ሰሌዳውን አበላሸሽ ብለው ልጃቸውን እንደ ገረፉአት አጫወቱን። ቀለም የመቀባቱም አሳብ በዚያው ቀረ።

በኤፕሪል 15 ቀን 2023 በሱዳን ጦር ሠራዊትና በፈጥኖ ደራሹ ኀይል መካከል ጦርነት ተነሣ። ከ1971 ጀምሮ ለሕዝብ ክፍት የነበረው የሱዳን ብሔራዊ ቤተ መዘክር ተዘረፈ፤ ስለ እርሱም ዓለም ብዙ ጻፈ። ጦር ሠራዊቱ በማርች 2025 ከተማዪቱን መልሶ እስኪይዝ ድረስ ከካርቱም ቤቶች የወጣው የድኻ ዕቃ ግን በማንም መዝገብ አልገባም። ብዙ ወገኖቻችን በገዳሪፍ አድርገው በገላባትና በመተማ ወደ አገር ገብተዋል፤ ቡና አፍዪዋ እናት ከእነርሱ አንዷ ነበሩ። እግሩንና ዶቃውን ትተው፥ አራቱን ብሎን በካቻቢቴ ፈትተው ጣውላውን ብቻ በነጠላ ጠቅልለው አምጥተውታል። ጐንደር ላይ እንደ ገና ስናየው አንድ ማዕዘኑ ረጥቦ አብጧል፤ ጭረቱ ግን አለ።

እንግዲህ እንዲህ ያለ ሰሌዳ በቤቱ ያለው ሰው ሊያውቀው የሚገባው አስቸጋሪ ነገር አለ። ዕቃው የተሠራው እንዲጠረግ ነው፤ ለማቈየት የሚፈልግ ግን መጥረጉን ማቆም አለበት። ውኃ ጨርሶ አይንካው፤ ፋይዚት ውኃ ሲጠጣ ያብጣል፥ ካበጠም ወደ ቀድሞው አይመለስም። ዘይት፥ ሰም፥ ቫርኒሽ፥ አዲስ ጥቁር ቀለም፥ እነዚህ ሁሉ ጭረቱን ይደፍኑታል። አቧራው ከጠርዙና ከጀርባው ብቻ በለስላሳ ደረቅ ብሩሽ ይነሣ፤ አሮጌ የጠመኔ ጽሑፍ ያለበት ፊት አይነካ። የዛገ ብሎን በግድ አይፈታ። የሚቀመጠው ከወጥ ቤት ጢስ፥ ከፀሐይና ከእርጥብ ግድግዳ ርቆ፥ ምስጥ እንዳይደርስበት ከመሬት ከፍ ብሎ ነው። ፎቶግራፍ ሲነሣ መብራቱ ከፊት ሳይሆን ከጐን ይሁን፤ አለዚያ ጭረቱ አይታይም። ደግሞም የጥንቱ የመጫወቻ ቀለም እርሳስ የተባለው መርዛማ ማዕድን ሊኖርበት ስለሚችል (አሜሪካ በመጫወቻ ላይ የከለከለችው በ1978 ነው) ሕፃን እንዲልሰው መተው አይገባም።

ለለውሕም ምክሩ ይኸው ነው፤ በተለይም የመጨረሻው ጽሑፍ ሳይታጠብ የቀረበት ለውሕ ቢገኝ ቀለሙ በአንዲት እርጥብ ጨርቅ እንደሚጠፋ ይታሰብ።

በጀርባው ትንሽ ወረቀት በክር ታስሮ፥ የማን እንደ ነበረ፥ የት እንደ ተገዛ፥ በየት በኩል እንደ መጣ በእርሳስ ይጻፍበት፤ ሙጫ ግን አያስፈልግም። በጐንደሩ ሰሌዳ ላይ ያሰርነው ወረቀት «ኦምዱርማን፥ ዴም፥ መተማ» ይላል። የቤቱ ልጅ መጻፍ ቢያምረው ሌላ ሰሌዳ ይገዛለት፤ ዋጋው ብዙ አይደለም።