ምንጣፉ ለማን ነው?

ሃምስተር የምትባለውን አይጥ መሰል እንስሳ የሚያሳድግ ሰው ምንጣፏን የሚመርጠው በራሱ አፍንጫና ዓይን ነው። የጥድ ሰጋቱራ ለእሱ ሽቶ ነው፤ የእሷን ሳንባ ግን ያስቆጣል። ጥጥ መሳዩም ያምራል፤ ነገር ግን እግሯ ላይ ተጠምጥሞ ደም ያግዳል፣ ከዋጠችውም አንጀቷን ይዘጋል።

እ.ኤ.አ. በ1930 ተመራማሪው እስራኤል አሃሮኒ ሶርያ ውስጥ፣ ሐለብ አጠገብ፣ የስንዴ ማሳ አስቆፍሮ አንዲት እናት ከነልጆቿ አወጣ። ዛሬ በየቤቱ ያሉት ወርቃማ ሃምስተሮች በአብዛኛው የእነዚያ ዘር ናቸው። መቆፈር ተፈጥሯቸው ነው። የስዊዘርላንድ ተመራማሪዎች ባደረጉት ሙከራ፣ 10 ሳንቲሜትር ብቻ የተነጠፈላቸው 40 እና 80 ከተነጠፈላቸው ይልቅ የጎጇቸውን ሽቦ አብዝተው ነክሰዋል።

ሽታ የሌለው የወረቀት ብጥስጣሽ፣ በጥልቀት የተነጠፈ፣ ቅንጦት አይደለም። ከአፈሯ ያወጣት ሰው ቢያንስ የአፈሯን ምትክ ዕዳ አለበት።