ሦስተኛው ጥያቄ

የእህቴ ልጅ የሳይኮሎጂ ተማሪ ናት። በ2016 ዓ.ም. ግንቦት ላይ ለመመረቂያ ጽሑፏ የምትበትነውን መጠይቅ ይዛ ቤቴ መጣች። "ጋሼ፣ አማርኛውን እይልኝ" አለችኝ። ርዕሱ "የማኅበራዊ ሚዲያ ሱስ በዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ዘንድ" ይላል። ደስ አለኝ። እኔ እንደሆንኩ የዘንድሮን ወጣት ከነስልኩ ማማት የማልጠግብ ሰው ነኝ። "እሰይ! ለኪልኝ እነዚህን!" አልኳት።

መለኪያው የእሷ ፈጠራ አይደለም። በኖርዌይ፣ የበርገን ዩኒቨርሲቲዋ ሳይኮሎጂስት ሴሲሊ ሹ አንድሪያሰንና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2012 ለፌስቡክ ያወጡት ነው። ያኔ የሞከሩት በ423 ተማሪዎች ላይ ነበር። ኋላ "ፌስቡክ" የሚለው ወጥቶ "ማኅበራዊ ሚዲያ" የሚል ተተካበትና ዓለምን ዞረ። ጥያቄዎቹ ስድስት ብቻ ናቸው። ባለፈው አንድ ዓመት ምን ያህል ጊዜ ሐሳብህ እሱው ላይ ዋለ? ይበልጥ፣ አሁንም ይበልጥ ልጠቀም የሚል ስሜት ገፋፋህ? ችግርህን ለመርሳት ተጠቀምክበት? ልቀንስ ብለህ አቃተህ? ስትከለከል ተቁነጠነጥክ? ትምህርትህን ወይም ሥራህን ጎዳብህ?

መልሱ "በጣም አልፎ አልፎ" ከሚለው 1 ተነስቶ "በጣም ብዙ ጊዜ" እስከሚለው 5 ይሄዳል። ሲደመር ትንሹ 6፣ ትልቁ 30 ነው። ከስድስቱ ቢያንስ በአራቱ 4 ወይም 5 የመለሰ ሰው ወደ ሱሱ ሳይገባ አልቀረም ነው ነገሩ።

አማርኛውን ሳርም "ተቁነጠነጥክ" የምትለዋ ቃል ላይ እጄ ቆመ። የካቲት 2015 ትዝ አለኝ። ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ቲክቶክና ዩቲዩብ ተዘግተው እስከ ሐምሌ የከረሙበት ጊዜ ነው። ያን ሰሞን "ቪፒኤን ጫኑልኝ" እያለ ቢሮ ለቢሮ ሲዞር የከረመው፣ ልጁ የሚሆን የአይቲ ሠራተኛ ደጅ የጠናው ማን ነበር? እኔው ነኛ! እስኪ አልኩና እርሳስ አንስቼ ሞላሁት። 22 መጣ። አራቱ ላይ 4 ወይም 5 አለኝ። "ችግርህን ለመርሳት" የሚለው ሦስተኛው ጥያቄ ላይማ ድፍን 5!

"ጋሼ፣ አንተን ነው እንዴ መጀመሪያ የምመዘግበው?" ብላ ሳቀች። እኔም ሳቅሁ።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ተመልሳ ስትመጣ ግን አልሳቀችም። ከተሞሉት ወረቀቶች አንዱን አውጥታ ፊቴ አስቀመጠችው። ስም የለውም። ድምሩ 26 ነው። አምስቱ ጥያቄዎች ላይ 5፣ 5፣ 5፣ 5፣ 5። ሦስተኛው ላይ ብቻ 1። ከታች ባዶው ቦታ ላይ በእስክሪብቶ ተጽፎበታል። ልጁ አማራ ክልል ገጠር ውስጥ ነው የተወለደው፤ በ2015 ክረምት ውጊያው ሲነሳ የሞባይል ኢንተርኔት ከተቋረጠበት አካባቢ። "ስልክ አንዳንዴ ይገባል፣ አንዳንዴ አይገባም። ሌሊት ሌሊት ቴሌግራም ላይ የቀበሌያችንን ስም እፈልጋለሁ። ሳጣው ደስ ይለኛል። ሱስ ከሆነ ሱስ በሉት" ይላል።

"ይኼን ልጅ ምን ብዬ ልጻፈው ጋሼ? ቁጥሩ ሱሰኛ ነው ይላል" አለችኝ።

ጥያቄዎቹን አንድ በአንድ መልሼ አየኋቸው። ሐሳብህ እሱው ላይ ዋለ? እንዴት አይውል! ልቀንስ ብለህ አቃተህ? እንዴት ይቀንስ! ስትከለከል ተቁነጠነጥክ? የእናቱን ደህንነት የሚጠብቅ ሰው ሌላ ምን ይሆናል? ትምህርትህን ጎዳብህ? እንዴታ! ልጁ አልዋሸም። መለኪያውም አልዋሸም። ቴርሞሜትር 39 ሲል ትኩሳት አለ ማለቱ ነው፤ ወባ ይሁን ታይፎይድ ግን እሱ አይነግርህም። ለዚያ ጠጋ ብሎ "ምን ሆነህ ነው?" የሚል ሰው ያስፈልጋል። የዓለም ጤና ድርጅት እንኳ እ.ኤ.አ. በ2022 ሥራ ላይ ባዋለው የበሽታዎች ዝርዝር የጌም ሱስን ሲያስገባ፣ የማኅበራዊ ሚዲያን ሱስ ለብቻው አላሰፈረም። እኛ ግን ስልክ ላይ ያቀረቀረ ልጅ ባየን ቁጥር "ሱሰኛ" ለማለት ቴርሞሜትሩም አያስፈልገን።

ለእህቴ ልጅ ይኼንኑ ነገርኳት። አንድ ያልነገርኳት ነገር ግን አለ። በድምር ካየኸን እኔና ያ ልጅ ጎረቤታሞች ነን፤ እሱ 26፣ እኔ 22። የምንለያየው ሦስተኛው ጥያቄ ላይ ነው። እሱ ስልኩን የሚከፍተው ችግሩን ለማግኘት ነው፤ እኔ ለመርሳት። በዚያው ሌሊት፣ በዚያው ቴሌግራም፣ እሱ ዓይኑ እስኪቀላ የሚፈልገውን ወሬ እኔ በአውራ ጣቴ ገፋ እያደረግሁ ወደሚያስቀኝ ቪዲዮ አልፍ ነበር። የሰው ቀበሌ ስም በጣቴ ሥር ስንት ጊዜ እንዳለፈ ማን ቆጥሮት!

የእህቴ ልጅ ወረቀቱን ከጥናቷ አላወጣችውም፤ ቁጥሩንም አልነካችም። በማጠቃለያው ምዕራፍ ግን "ምን ያህል" ብሎ መጠየቅ "ለምን" ብሎ መጠየቅን እንደማይተካ አንድ አንቀጽ ጻፈችለት። አማርኛውን እኔ አረምኩት። ምንም የሚታረም አልነበረውም።

የልጁ እናት ደህና ትሁን አትሁን አላውቅም። ወረቀቱ ስም የለውም። እኔ ግን ከዚያ ወዲህ ስልኬን ለመክፈት እጄን ስሰድ ሦስተኛዋ ጥያቄ ቀድማ ትመጣብኛለች። የዘንድሮን ወጣት ማማቱንም ልቀንስ ብያለሁ። አራተኛው ጥያቄ ላይ እንዳልወድቅ እንግዲህ ጸልዩልኝ።